ከጊፍቲ እጅ

ልደታ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጊፍቲ ቦጂያ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጎቴን ሰላም በይልኝ፤ አንቺም ሰላም ሁኚ። እማዬን ግን ሰላም አትበይልኝ። ከዚህ ጋር አጥፌ የላክኋት ትንሿ ወረቀት የእሷ ናት፤ ሰላምታዬ እዚያ ውስጥ አለ። እንዳታነቢያት።

ለምን አትደውዪም ላልሽኝ፣ ደውዬ ነበር እኮ። አንቺ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርገሽላት ወጣሽ። እማዬ ጉንጯ ከቆሰለና በቀኝ በኩል ያሉት ጥርሶቿ ከተነቀሉ ወዲህ መናገር ያቅታታል። እኔ ደግሞ ሰው ካልመለሰልኝ የምለው ይጠፋኛል። ትንፋሿን ስሰማ ቆይቼ ካርዱ አለቀ። ለዚህ ነው የምጽፈው። ጋሽ ሙኒር በአይሱዟቸው በየሳምንቱ ጅማ ይመላለሳሉ። ጎማቸው በተነፈሰ ቁጥር ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለው የአባዬ ጎሚስታ ቤት ስለሚመጡ፣ ደብዳቤ አድርሱልን ስንላቸው እምቢ አይሉም።

ምን እየሠራሽ ነው ብለሽኛል። የእማዬን ቦታ ይዤ ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍና ሻማ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩት እሷ ስትታመም ነው። ሌሎቹ ሻጮች ሰው ባለፈ ቁጥር ይጣራሉ። እኔ አልጣራም። ቢሆንም እዚያው አቅራቢያ ባለው ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ጧፍ ፈልገው ራሳቸው ይመጣሉ። እነሱም ማውራት ስለማይፈልጉ እንግባባለን።

ሌላው ጥያቄሽ እናትሽ ምን ትወዳለች፣ እንዴት ብናቀርብላት ትበላለች የሚል ነው። ሁሉንም ትወዳለች። ይህን ሰው ይጠይቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ እሷን የምታበላ ሌላ ሰው ትኖራለች ብዬም አስቤ አላውቅም።

የአዲስ አበባው የጨረር ሕክምና ወረፋ ረጅም ስለነበር ጅማ መሄዷ ገብቶኛል። አጎቴ እዚያ ቤት ስላለው ደስ ብሎኛል። ያልገባኝ እኔን ትታ መሄዷ ነው። ሻንጣዋን ሳዘጋጅ የእኔንም ልብስ ከትቼ ነበር። እሷ የእኔን አንድ በአንድ እያወጣች አልጋው ላይ ደረደረችው። «ሐኪም ሲጠይቀኝ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንቺ ሰው ፊት አፍሽ ይያዛል። የቦጂያ ልጅ ተናጋሪ ናት» አለችኝ። ያኔ ገና ትናገር ነበር። እንደ ልቧ ከተናገረቻቸው የመጨረሻ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ተናጋሪ መሆንሽን ከደብዳቤሽም አይቻለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ አፏን ምን እያደረጋችሁት ነው?

ኑኃሚን አዱኛ


ጅማ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚንዬ፣ የአጎቴ ልጅ፤

እዚህ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ አባቴ አንቺንም አባትሽንም ሳሚልኝ ብሏል። ወረቀቷን አላነበብኳትም። እናትሽ እትዬ ትዕግሥት አንብበው ሲጨርሱ ትራሳቸው ሥር ከትተው ተኙባት። ምን ብለሽ እንደጻፍሽላቸው ለማወቅ ልሞት ነው፤ ግን ቃሌን ጠብቄያለሁ። እናንተ አዲስ አበቤዎች ሚስጥር ትወዳላችሁ።

በቁጣ የጠየቅሽኝን አነበብኩ። «እዚያ አፏን ምን እያደረጋችሁት ነው?» ነው ያልሽው። አልተቀየምኩም። ማንም ሰው መጠየቅ ያለበት ነገር ነው፤ ስለዚህ በደንብ ልንገርሽ።

ጨረሩ ሲሰጣቸው አያማቸውም። የሚያመው ውሎ አድሮ ነው። መጀመሪያ የጥርስ ሐኪሙ በንክሻቸው ልክ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ሠራላቸው፤ እኛ መያዣ እንለዋለን። ይነክሱታል፣ እሱም ምላሳቸውን ወደ ግራ ገፍቶ ይይዘዋል። የታመመው ቀኝ ጉንጫቸው አይደል? ጨረሩ እሱን ሲመታ ጤነኛውን ምላስ እንዳያቃጥለው ነው። የአብስራ የምትባለው የጨረር ባለሙያ፣ አንድ ቤት እሳት ሲነሳበት የጎረቤቱን ጣሪያ ውሃ እንደማርከፍከፍ ነው ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያስተኟቸዋል። በፊታቸው ልክ የተሠራ፣ መረብ የመሰለ ጭንብል ያለብሷቸዋል፤ ጭንብሉን ከጠረጴዛው ጋር ያያይዙታል። ጭንቅላታቸው ምንም መነቃነቅ የለበትም። ከዚያ ሁላችንም ወጥተን በሩ ይዘጋል።

መያዣውን የማጥበው እኔ ነኝ። በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ነው፤ ሙቅ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል። አፋቸውን ደግሞ ጨውና ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ባለ ውሃ በየጊዜው ይጉመጠመጣሉ። ሲሰለቻቸው እኔም የራሴን ውሃ ይዤ አብሬያቸው እየተጉመጠመጥኩ ዘፈን እዘፍናለሁ። ይስቃሉ። መሳቅ ያማቸዋል፤ ግን ይስቃሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ጾሙ ገባ። ሐኪሟ ወተትም፣ እርጎም፣ እንቁላልም፣ ለስላሳ የሆነ ሁሉ ይውሰዱ፣ ሰውነታቸው እንዳይቀንስ ብላለች። እሳቸው ሁዳዴ ነው ብለው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። እኛ ቤት ይህን ጾም እንደማንጾም ታውቂያለሽ። እኔ «ግድ የለም፣ ይጠጡ» ስላቸው፣ የኔ ግድ የለም ለእሳቸው ምን ይሠራል? ፊታቸውን ያዞራሉ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ፈቃደ ካልፈቀዱ አይሆንም አሉ። አንቺ ሄደሽ እንድትጠይቂላቸው በራሳቸው እጅ ጽፈውልሻል፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር ታጥፏል። እሱንም አላነበብኩም፣ እየተናደድኩ ነው ያላነበብኩት።

መምሬን ቶሎ ጠይቂልን፣ እባክሽ። እንዴት እንደሚበሉም አስቢበትና ንገሪኝ።

ጊፍቲ


ልደታ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጊፍቲ፤

አጎቴ ስላስታወሰን አባዬ አመስግኖታል።

መምሬ ፈቃደን አልጠየቅኳቸውም። ለእማዬም በወረቀቷ ጽፌላታለሁ፤ አንቺም እንዳትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። አባዬን ላኪ እንዳትዪኝ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለለቅሶ ነው። መምሬ ደግሞ የንስሐ ነገር በስልክ አይሆንም ይላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቧቸው ነበር። ተጠግቼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። «ምን ነበር ልጄ?» አሉኝ። ተመለስኩ።

አፍሬ ብቻ አይደለም። ምን ያስቸኩልሻል? እማዬ በየዓመቱ ጾማ ነው የኖረችው። ሕመምተኛ ብትሆንም የጾም ምግብ ጠፍቶ አያውቅም። እናንተ ቤት ወተት ስለሚጠጣ እሷም ትጠጣ ማለት ነው? ገና ወር ሳይሞላት ልማዷን ልታስለውጫት ነው?

በሶ ልኬላታለሁ። ገብሱን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ ቆልቼ፣ ሜክሲኮ አጠገብ ካለው ወፍጮ ቤት ቆሜ ነው ያስፈጨሁት። ከጋሽ ሙኒር ፌስታሉን ተቀበይ። ከማንም ወተት በፊት የእኔን በሶ ትጠጣ።

ስለ መያዣው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስታጥቢው የጥርሷ ቅርጽ ይታይሻል አይደል? የላይኛው የፊት ጥርሷ ትንሽ ወደ ውጭ ይላል፤ ስትስቅ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሰው ፊት ስትስቅ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች። እኔ እሱን ለማየት ማሳቅ ነበረብኝ፤ እሷን ማሳቅ ደግሞ ቀላል አልነበረም። አንቺ በየቀኑ እጅሽ ላይ አድርገሽ ታጥቢዋለሽ።

ዘፈኑ ምን ዓይነት ዘፈን ነው? ሲያማት ለምን ታስቂያታለሽ? ሰውነቷስ እንዴት ነው?

ኑኃሚን


ጅማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚንዬ፤

ደህና ነሽ ወይ? ዘፈኑ የራሴ ነው፣ ግጥም የለውም፤ በውሃ የተሞላ አፍ ምን ግጥም ይወጣዋል። ማሳቁን ደግሞ ተይ ካልሽኝ ልተው እሞክራለሁ፤ አልችልም እንጂ።

በሶው ደርሷል። ፌስታሉን ስትፈታ ብታያት፣ አሸተተችው፣ ከዚያ እቅፍ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሳቀርብላት ወደ ፌስታሉ ትጠቁማለች። አቅጥኜ እበጠብጥላታለሁ። ትንሽ ይሻክራታል፤ ብናኙ ድዷ ላይ ይቀርና መያዣውን ስናስገባ ይቆረቁራታል። በነጠላ ላጥልልሽ ብላት እምቢ አለች። ልጄ እንደላከችው ነው የምጠጣው ማለቷ ነው መሰለኝ።

በዚህ ሳምንት ያለ ችግር እየተመላለስን ነው። መጀመሪያ ላይ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ያስቸግረን ነበር። «ምኗ ነሽ?» ሲለኝ «የባሏ የወንድም ልጅ» ስለው፣ ዝምድናውን ቆጥሮ እስኪጨርስ ተራችን ያልፋል። አሁን «ልጇ ነኝ» እላለሁ፣ ያስገባኛል። የአብስራም ሐሙስ ዕለት መያዣውን አስገብተን፣ ጭንብሉን አልብሰን፣ ልንወጣ ስንል «ልጅዎ ናት እንዴ? ጎበዝ ናት» አለቻት። እማዬም እዚያው እንደተኛች ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ብላ። እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

የጠየቅሽኝን ሁሉ የመለስኩልሽ ይመስለኛል። ስለ ሰውነቷ የጠየቅሽውን ደህና ናት በያት ብላ ነው ያዘዘችኝ፤ ደህና ናት። የመምሬስ ነገር?

ጊፍቲ


ልደታ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጊፍቲ፤

በመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎችሽ እትዬ ትዕግሥት ነበረች፣ አንቱ ትያት ነበር። አሁን እሷ ሆናለች። እማዬ ብለሽም ጽፈሻል። ልጅ ሆነሽ ለመግባት ብለሽ በሩ ላይ የተናገርሽው ይገባኛል፤ ወረቀት ላይ ግን ጥበቃ የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጭንብሉ ከጠረጴዛው ጋር ይያያዛል ብለሻል። ጭንቅላቷ ምንም አይነቃነቅም ብለሻል። ታዲያ እዚያው እንደተኛች ራሷን እንዴት ነቀነቀች? ቀኑን ሙሉ ጧፍ ደርድሬ ተቀምጬ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ማታም አባዬ እራት ሲበላ እሱን አስብ ነበር፤ ጨው አልጨመርሽም አለኝ። ወይ ጭንብሉ አልተያያዘም፣ ወይ አልነቀነቀችም። አንቺ እንድትነቀንቅልሽ ስለፈለግሽ ነው ያየሽው።

አልነቀነቀችም በይኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ኑኃሚን


ጅማ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኑኃሚን፤

ነቅንቃለች። አንቺ ግን ልክ ነሽ፤ መነቅነቅ አልነበረባትም።

የአብስራም ያኔ ነው የነቃችው። እኔ ደስ ብሎኝ ዓይኔን ስጠርግ እሷ ወደ ጭንብሉ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ ጣቷን በጭንብሉና በእናትሽ ጉንጭ መካከል አስገባች። ጣቷ ገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት አያስገባም ነበር። ከስታለች፣ ኑኃሚን። ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልሽ እጄን ይዛ ስላስማለችኝ ነው። ለአባትሽ ልደውል ስልም ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ደብዳቤ አትጻፊ ግን አላለችኝም፤ ስለዚህ መሐላዬን አላፈረስኩም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነው የምጽፍልሽ።

የሚሆነውን ልንገርሽ። ጭንብሉ ከላላ ጭንቅላቷ ይንሸራተታል፣ ጨረሩም ቦታውን ይስታል። መያዣውም ከጉንጯ መጉደል ጋር አልገጥም ስላለ ምላሷ ወደ ጨረሩ መመለስ ጀምሯል፤ ጫፉ ላይ ቁስል አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ያዳንነው ጤነኛው በኩል ማለት ነው። ሐኪሟ እስከሚቀጥለው ሳምንት ክብደቷን እናያለን፣ አሁንም ከቀነሰች ሕክምናውን አቁመን ሁሉንም እንደ አዲስ እንለካለን አለች። ማቆሙ ነው ክፉው። በቆመ ቁጥር በሽታው ፋታ ያገኛል አለች። እኔ ይሄን ከእናትሽ ልደብቀው አልችልም፤ ራሷ ሰምታዋለች።

በሶሽን እየጠጣች ነው። ግን ትንሽ ነው የምትጠጣው፣ ያማታል፣ ከእሱ ሌላ ደግሞ ምንም አትወስድም። እንድትጠጣው የምትፈልጊው የአንቺን ብቻ ከሆነ፣ እሱን አግኝተሻል።

ቁጣሽን አልተቀየምኩም ብዬ ነበር። አሁን ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ቢሆንም የምለምንሽ እኔ ነኝ፤ መምሬን ጠይቂያቸው። እዚህ ለእሷ እኔ እናገራለሁ። እዚያ ግን ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ጊፍቲ


ልደታ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጊፍቲ፤

ይህን የምጽፍልሽ ጋሽ ሙኒር ነገ ጠዋት ስለሚነሱ ነው፤ ነገ ማታ እጅሽ ይገባል። ዋናውን በስልክ ሰምተሻል። እዚያ «ፈቅደዋል» ብዬ ዘግቼብሻለሁ፤ ይቅርታ። ሌላውን በስልክ መናገር አልቻልኩም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት በሩ ላይ፣ ጧፉ መካከል ተቀምጬ ነው። ጣቷ ገባ የሚለው ጋ ስደርስ ተነሳሁ። ዕቃውን ማንም ይጠብቀው አላልኩም። ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነበር፤ መምሬ በሴቶች ተከበው ደረጃው ላይ ቆመዋል። እንደ ባለፈው ተጠግቼ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እንደ ባለፈው «ምን ነበር ልጄ?» አሉኝ። ድምፄን መመጠን አላውቅበትም፤ ሰው ፊት ተናግሬ ስለማላውቅ ምን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም። ግቢው ሁሉ እስኪሰማ «እናቴ እየከሳች ነው፣ ጭንብሉ ላልቷል» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ከጎኔ ሻማ የምትሸጠው ማሂ «ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» ስትል ሰማኋት። ማቆም ግን አልቻልኩም። ስለ መያዣው፣ ስለ ምላሷ፣ ስለ ሁዳዴው፣ ሐኪሟ ወተት ስላለችው፣ ሁሉንም ዘበራርቄ ነገርኳቸው። መምሬ ጭንብሉ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሁለት ጊዜ አስረዳኋቸው። ጉንጬን በመዳፌ ይዤ አሳየኋቸው። ሲገባቸው ሴቶቹን ዞር በሉ አሉና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«ጾም የጤነኛ ሰው ነው» አሉኝ። «የታመመ መድኃኒቱን ይወስዳል። ለትዕግሥት አሁን መድኃኒቷ ወተት ነው። ንስሐ አባትሽ ጠጪ ብሎሻል በያት፤ የዘንድሮውን ሁዳዴ እኔ ስለ እሷ በጸሎት አስባለሁ።» ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙኝና፣ «ከተጠመቅሽ ወዲህ ድምፅሽን ስሰማ ዛሬ መጀመሪያዬ ነው። ያኔም ጮኸሽ ነበር» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳልስቅ አልቀረሁም።

ከዚያ ደወልኩልሽ። ከዚያ ዛሬ አንቺ ደወልሽ። ፈቃዱ ደርሷት እንኳን ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ አስነክታ ትመልሰዋለች አልሽኝ። «መምሬ ፈቅደው የለ፣ ምን ላድርጋት?» አልሽኝ። ዝም አልኩ። ስልኩ ተበላሸ ብለሽ ሃሎ ሃሎ ትዪ ነበር። ስልኩ አልተበላሸም። የማላውቀው ነገር ስለጠየቅሽኝም አይደለም ዝም ያልኩት።

አውቀዋለሁ። ሁሉንም ትወዳለች ያልኩሽ ጊዜም አውቀው ነበር።

እማዬ ብቻዋን በልታ አታውቅም። ሰው ቆሞ እያያት ከሆነ ጨርሶ አትበላም፤ ጠገብኩ ትልሻለች፣ አልጠገበችም። አንቺ ብርጭቆውን ሰጥተሻት ከፊቷ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፤ በየደብዳቤሽ አየሁሽ እኮ፣ አቀረብኩላት፣ አቀረብኩላት ነው የምትዪው። እንጀራው ገና ከምጣዱ እንደወጣ፣ ገበያ ውላ ርቧት ስትመጣ እንኳን፣ እኔ ወይ አባዬ እስክንቀመጥ እጇን አትሰድም። እኔ ባልራበኝ ቀን እሷን ለማብላት ስል ደግሜ እበላ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። አባዬም አያውቅም፤ እሱ ሁልጊዜ ስለሚርበው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ወተቱን አፍልተሽ አብርጂው፣ ለብ ይበል። ከላይ የሚረጋውን ሰልባቦት አውጪው፣ አፏ ውስጥ እሱ ሲነካት አትወድም። ሁለት ብርጭቆ አምጪ፣ እኩል የሆነ። ከአንድ ዕቃ ለሁለታችሁም እኩል ቅጂ፣ እያየች። ከእሷ ብርጭቆ አትጠጪ፣ አፏ ቁስል ነው፤ ይሄን አንቺ ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ከፊቷ አትቀመጪ፣ ከጎኗ ሁኚ፣ ትከሻሽ ትከሻዋን ይንካ። መጀመሪያ አንቺ ጠጪ። ከዚያ አትያት። ስለ ሌላ ነገር አውሪላት፣ ማውራት እንደሆነ አያቅትሽም። አንቺ ስትጎነጪ እሷም ትጎነጫለች። አንቺ ካቆምሽ ታቆማለች፤ ስለዚህ ብትጠግቢም አታቁሚ። በሶውንም በነጠላ አጥልዪው፤ ኑኃሚን ናት አጥልዪው ያለችው በያት።

አሁን የምጽፈውን ነው በስልክ ያልቻልኩት።

እኔ እዚያ ብኖር ይሄን ማድረግ አልችልም ነበር። ጾመኛ ነኝ። ለእሷ መምሬ ፈቀዱ፤ ለእኔ የሚፈቅዱበት ምክንያት የለም፣ አልታመምኩም። ከጎኗ ቁጭ ብዬ ባዶ እጄን ጠጪ እላት ነበር። እሷም ልጄ እየጾመች እኔ ወተት አልጠጣም ትል ነበር። ሳውቃት፣ በፍጹም አትጠጣም። አጠገቧ ሁዳዴን የማይጾም ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ይኸው አለሽ። ይህን ሳስበው ተናደድኩ። ተረጋግቼ እንደገና ሳስበው እንደገና ተናደድኩ። ቤታችሁ ጾም የለም ብዬ የሰደብኩሽ በዚሁ ነገር ነው።

ለእማዬ የላክኋት ወረቀት ዛሬ አልታጠፈም። ክፍቱን ነው፤ አንብቢላት። የተጻፈው አጭር ነው፤ መምሬ ያሉት፣ ከዚያ «ከጊፍቲ እጅ ጠጪ» ይላል። ይህችን መስመር ሦስት ወረቀት አበላሽቼ ነው የጻፍኳት፣ ስለዚህ ስታነቢላት ቀስ በይ።

እማዬ ያልሻትን ነገር አንስቼ አልጨርሰውም። በሩ ላይ በዪ። ጭንብሉ ሲጠብቅ፣ የአብስራ ጣት አላስገባ ሲላት፣ ያን ጊዜ ጻፊልኝ። ራሷን ነቀነቀች ብለሽ ግን አትጻፊልኝ።

መቅናቱን አልተውኩም። ወተቱ ግን ይጠጣ።

ኑኃሚን